ሲንክ ስር የሚዘፍኑት ክቡርነታቸው

የምስራች! «ምስር ብላ» በሉኝ እንጂ! ተቀረጸ! በስቱዲዮ፣ በማይክሮፎን፣ በወጉ ተቀረጸ!

የኔ ዘፈን እንዳይመስላችሁ። እኔማ ስንት ዘመን ክራቫት አስሬ በየሰርጉ ስዘፍን ዞር ብሎ ያየኝ የለም። የተቀረጸው የሰፈራችን ቧንቧ ሠሪ ነው።

በየሰፈሩ፣ ዝና በሩን ስታንኳኳ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ኋላ ተመለሺ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው ክቡርነታቸው ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ይደርሳሉ፤ የሚዘፍኑት ግን ሲንክ ስር በጀርባቸው ተኝተው፣ መፍቻ ጨብጠው ብቻ ነው። «እስቲ ቁጭ ብለው ይዝፈኑልን» ሲሏቸው «ምነው፣ ሥራ ፈት መሰልኳችሁ?» ይላሉ። «የሦስተኛ ፎቅ እንባ» የተባለው ዘፈናቸው በስልክ ተቀድቶ ከጆሮ ወደ ጆሮ ይዞራል፤ ገሚሱ የውሃ ድምፅ ነው። እሳቸው ስለ ዝገት ዘፍነው ሰው ያስለቅሳሉ። እኔ ስለ ፍቅር ስዘፍን ሰው ምግብ ሊደግም ይነሳል።

አድናቂዎቻቸው ታዲያ ምን ዘዴ አገኙ? የገዛ ቧንቧቸውን መስበር! ጡረታ የወጡት ዳኛ ሳይቀሩ ሰብረዋል። አንድ ቀን ቤቴ ስገባ ኩሽናው ኩሬ ሆኗል፤ ክቡርነታቸው ከስር ያንጎራጉራሉ፤ ባለቤቴ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ በራሱ ጊዜ ለቀቀ» አለችኝ። መዶሻው በእጇ ነው። ለኔ ድምፅ ብላ ሬዲዮ እንኳ ቀንሳ አታውቅም!

ቤቱን ሲጠግኑለት የሰማቸው አንድ የቀረጻ ባለሙያ ዛሬ ጠዋት ስቱዲዮ ጠራቸው። «ወንድሜ፣ ብቻዬን አልችልም፣ ተከተለኝ» አሉኝ። ሲያፍሩ ለማየት እየቋመጥኩ ሄድኩ።

ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይጀምሩ እንጂ» አላቸው ባለሙያው።

መፍቻቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ መልሰው ከተቱ።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው። አሁን ካልሆነ አይሆንም።»

ክቡርነታቸው ወደኔ ዞሩ። «ወንድሜ፣ በቃ ጠፋብኝ።» እንዲያ አንሰው አይቻቸው አላውቅም።

አንጀቴ ቅቤ መጠጣት ነበረበት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ባለ በሌለ ጉልበቴ ነቀልኩት።

«ኧረ ውሃ! ጎርፍ!»

ክቡርነታቸው መፍቻቸውን መዝዘው ሮጡ፤ ባለሙያው ማይኩን እየጎተተ ተከተላቸው። ሲንኩ ስር ተኙና ጀመሩ። አቤት ያ ድምፅ! ጫማዬ ውሃ እየጠጣ፣ ቅናት እያንገበገበኝ፣ አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ሲጨርሱ ከሁሉ ቀድሞ «ይደገም!» ያለው ማን ይመስላችኋል?

በሉ ልሩጥ! ባለቤቴ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከኔ አፍ ትስማው። ዛሬስ ጆሮዋን ሙሉ ለሙሉ ለኔ ትሰጣለች።