መንገድን በአየር የሚለካው ጎረቤቴ

እንደ ጎረቤቴ እንደ ዳና መንገድን በአየር የሚለካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም! ነገር ግን ከአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ እስከ ሀዋሳ አየር ማረፊያ ያለውን ርቀት ከነበረራ ሰዓቱ ከስልኩ ሸምድዶ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያስረዳል።

በቀደም ለልጄ ሚስት ልንጠይቅ ከሶዶ ወደ በዴሳ ከተማ ሽማግሌ ሆነን ልንሄድ ነበር። የልጅቷ አባት በቀጠሮ ቀልድ አያውቁም። «ኧረ እንነሳ!» ስል ዳና ሳቀብኝ።

«አንተ ሰው፣ አርባ ምንጭና ሀዋሳ እንኳ በአየር አንድ እንቅልፍ አይሞላም! በዴሳማ ቀበቶህን ሳታስር ታርፋለህ። ቁጭ በል!»

አምነን ቁጭ አልን! ከዚያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጢማችን አደገ። መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው፤ ስንገፋ ነጩ ጋቢያችን ቡናማ ሆነ። በጠዋት የተጠበቅን ሰዎች ከብት ሲገባ ደረስን።

ዳና ሊያስረዳ ተነሳ። «አባባ፣ በአየር ቢሆን ኖሮ...»

«ገብቶኛል» አሉ አባትየው ረጋ ብለው። «በአየር ለመጣ ሰው ልጄን ዛሬውኑ እሰጥ ነበር። በሚኒባስ ለመጣ ግን መልሱ ከአዲሱ ዓመት፣ ከጊፋታ በኋላ ነው።»

ልጄ አኩርፎኛል። ዳና ግን ያጽናናዋል፦ «አይዞህ፣ ጊፋታ እኮ በአየር ቅርብ ነው!»