ዝግ ብሎ የሚቆርጠው ሰንሰለት

ሥራን ቶሎ የመጨረስ ክፉ በሽታ ዓለምን ባጥለቀለቀበት በዚህ ዘመን፣ ከበሽታው ፈጽሞ ነፃ የሆነ አንድ መሥሪያ ቤት መኖሩን ማብሠር ደስ ያሰኛል። የከተማው የዛፍ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይባላል። ሥራው ዛፍ መትከል፣ መንከባከብና ሲያረጅ መቁረጥ ነው። ዋና ኃላፊው ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚልቅ ሌላ ሥራ እንዳለ በየስብሰባው ያስረዳሉ፤ እሱም መሰብሰብ ነው።

ኃላፊው ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ይህ ሹፈት አይደለም። ጉቦ አይነኩም፣ ለዘመድ አያደሉም። የመሥሪያ ቤቱን እስክሪብቶ ረስተው በኪሳቸው ይዘው ቤት ከገቡ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም። ፈተናቸው የመጣው ከታናሽ እህታቸው በኩል ነበር።

እህታቸው ልብስ ሰፊ ነች። የምትሰፋው ከቤቷ ጎን በተቀጠለች ባለ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከቆርቆሮው በላይ አንድ የከተማው ዛፍ እንደ ደረቀ አዘንብሎባታል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ግንዱ ሲጥ ይላል፤ እሷም የስፌት መኪናዋን ትታ ወደ በሩ ትሮጣለች። ያቺ ክፍል ከፈረሰች እንጀራዋም አብሮ ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወንድሟ ቢሮ ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ዛፍ ሊወድቅብኝ ነው!»

ኃላፊው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «በሥራ ሰዓት ወንድም የለኝም። ይቀመጡ ባለጉዳይ። ማን ልበል?»

«እንዴ! እኔ ነኛ!»

«የአባት ስም?»

«ያንተው አባት ነው እንጂ ማን ሊሆን ነው?»

ኃላፊው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ባለጉዳይዋ የአባታቸውን ስም ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆኑም ብለሽ ያዢልኝ።»

ይህ ሁሉ ከፍቅር ማነስ አልነበረም። እህታቸውን እንደ ነፍሳቸው ይወዷታል፤ ስለሚወዷትም ነው ጉዳይዋ አንዲት ሕግ እንኳ ሳትጓደል እንዲታይ የቆረጡት።

መሥሪያ ቤቱ ደህና የሞተር መጋዝ አለው። የጎደለው ሰንሰለቱ ብቻ ነበር፤ የድሮው ተበጥሷል። ተራ ሰው ቢሆን ሱቅ ሄዶ ለጠንካራ እንጨት የሚሆን ሰንሰለት ስጡኝ ይልና ይገላገላል። መሥሪያ ቤት ግን እንደ ተራ ሰው አይሠራምና የሰንሰለት መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኮሚቴው የመጀመሪያ አጀንዳ «እንጨቱ ጠንካራ ነው ወይስ ይመስላል?» የሚል ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የዛፍ ባለሙያ ወደ ሥፍራው ተልከው ግንዱን በእርግጫ መቱት። እያነከሱ ተመለሱ። ጠንካራነቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በሁለተኛው ስብሰባ ባለሙያው የታሰረ እግራቸውን ወንበር ላይ ዘርግተው ማብራሪያ ሰጡ። «የሰንሰለት ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። ጫፉ ሹል የሆነው ቶሎ ይቆርጣል፤ ግን ደረቅና ጠንካራ እንጨት ሲያገኝ ወዲያው ይደንዛል። ጫፉ ክብ ያለው ደግሞ ዝግ ብሎ ነው የሚቆርጠው፤ ስለቱ ግን ይቆያል። ለእኛ የሚሆነው እሱ ነው።»

ኃላፊው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ዝግ ብሎ ይሠራል... ግን ይቆያል» ሲሉ ደገሙት። ስለ ራሳቸው እንዲህ ያለ ምስጋና ከጡረታ ሽኝታቸው በፊት እሰማለሁ ብለው አስበው አያውቁም።

«እንግዲያው እሱን እንግዛዋ» አለች ጸሐፊዋ።

የኮሚቴው አባላት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ባለሙያው እንኳ እግራቸውን ከወንበሩ አወረዱ።

«ያለ ውድድር?» አሉ ኃላፊው። «ነገ ለእህቱ ብሎ አቻኮለ ብባልስ?»

ነጋዴዎች ሁሉ ናሙና እንዲያቀርቡ ተጠሩ። ሙከራው ፍትሐዊ እንዲሆን ሁሉም ሰንሰለቶች በዚያው ዛፍ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀዳዳ ውስጥ እየገቡ እንዲቆርጡ ተወሰነ። አንዱ አዲስ ቦታ አንዱ አሮጌ ቦታ ቢቆርጥ አድልዎ ይሆናላ! ደግሞም ማንም ሰንሰለት ዛፉን እንዳይጥል ጥብቅ መመሪያ ወጣ፤ ሙከራ ሌላ፣ ሥራ ሌላ።

መጀመሪያ የገባው ጥርሰ ክቡ ሰንሰለት ነበር። ዝግ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ፣ እንጨቱን እንደ ዱቄት እያራገፈ ግማሹን ግንድ አለፈ። ኃላፊው ፊሽካ ነፉ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ብቻ ልጨምር፤ በዚህ በኩል ገፍተን ወደ መንገዱ እንጥለዋለን» አለ መጋዙን የያዘው ቆራጭ።

«አቁም! ሳይመረጥ ሥራ ሊጀምርልኝ ነው እንዴ?»

ሌሎቹም በተራቸው ገቡ። አንዱ ጨሰ፣ አንዱ ደነዘ፣ አንዱ ከመጋዙ ወልቆ ባለሙያውን በደህናው እግራቸው አስሮጣቸው። ዛፉ ግን ከሰንሰለት ወደ ሰንሰለት እየሳሳ ሄደ። እህትየዋ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ወደ ጎረቤት አወጣች። ተመልሳም የወንድሟን እጅጌ ያዘች።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፤ ወይ ጨርሱት ወይ ተዉት!»

ኃላፊው እጇን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። ሰዓታቸውን አዩ፤ የሥራ ሰዓት አላለቀም። «አይዞዎት ባለጉዳይ» አሉ፤ «የቀረን አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ነው።»

የመጨረሻው ተወዳዳሪ የአጥር ቁጥቋጦ ለመከርከም የተሠራ፣ ቀጭንና ልግመኛ ሰንሰለት ነበር። ገና ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እንጨቱን ላስ ሲያደርገው ዛፉ ጓ! አለና በቆርቆሮው ላይ ተዘረጋ። ከክፍሏ የቀረው በሩ ብቻ ነው፤ እሱም ተቆልፎ ስለነበር እህትየዋ ቁልፉን እንደ ያዘች ቆማ አለቀሰች።

ኮሚቴው እዚያው የእንጨቱ ብናኝ ሳይረግብ ውጤቱን አስታወቀ። ሌሎቹ ሰንሰለቶች ብዙ ደክመው አንዳቸውም ዛፉን አልጣሉም። ይህኛው ግን በአንድ ንክኪ ጣለው! ለጠንካራ እንጨት እንከን የለሽ ሰንሰለት ተብሎ ተመረጠ፣ ተገዛም። ጥርሰ ክቡ «መልካም ጥረት» ተብሎ ተሸኘ።

አሁን ግን የከፋ ችግር መጣ። ለጠንካራ ዛፍ ተብሎ ሰንሰለት ተገዝቷል፤ ዛፍ ግን የለም። ተቆጣጣሪ መጥቶ ለምን ገዛችሁት ቢል ምን ይባላል? ኃላፊው ሲጨነቁ ሰንብተው መላውን አገኙት። ቁርጥራጩ ግንድ ተነሥቶ፣ በዚያው ጉድጓድ፣ ከዚያው ዛፍ ዘር አንድ ችግኝ ወደዚያው አቅጣጫ ዘንበል ተደርጎ ተተከለ። ሠፈርተኛው በተሰበሰበበትም ንግግር አደረጉ።

«ይህ ችግኝ አድጎ፣ ጠንክሮ፣ አርጅቶ፣ ደርቆና አዘንብሎ ለሰንሰለታችን የሚበቃበትን ቀን በጉጉት እንጠብቃለን!»

ጭብጨባው ሳያበቃ እህትየዋ ሰውን እየገፋች መጣች። ጎንበስ አለችና ችግኙን መንጭቃ ከነሥሩ ነቀለችው።

«እኔ ጣሪያ ነው የምፈልገው! እህትህ ሜዳ ላይ ቀርታ እያየህ ደግሞ ሌላ ዛፍ ትተክልብኛለህ?»

ኃላፊው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ልጅ ሳለች አዝለዋት የሄዱበት ጊዜ ትዝ አላቸው፤ «እህቴን» ለማለት አፋቸው ተከፈተ። ይሁን እንጂ ባለሙያው በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አሉ። ኃላፊው ፊታቸው በራ።

«ባለጉዳይ፣ ዛፉን ያስወገዱት በምንድን ነው?»

«በእጄ ነዋ! በምን ልንቀለው?»

«ነዳጅ ሳይፈልግ! ፊሽካ ሳይነፋ!» አሉ ባለሙያው በአድናቆት። ጸሐፊዋ መጻፍ ጀመረች።

በማግሥቱ እህትየዋ የጎረቤቷ ቤት ተቀምጣ የሰው ቀሚስ እየጠቀመች ሳለ ደብዳቤ ደረሳት። እጅዋ ዛፍ በማስወገድ ረገድ ያሳየው ብቃት መሥሪያ ቤቱን እንዳኮራ፣ ከሌሎች እጆች ጋር እንዲወዳደርም በዕጩነት መመዝገቡን ይገልጻል። ከሥር የወንድሟ ፊርማ፣ ከፊርማው በላይ ደግሞ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ሰፍሯል፦ ናሙናው እንዳይበላሽ ሲባል ውድድሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ እጅዎን በማናቸውም ሥራ ላይ እንዳያውሉ።