የስቅለት ዕለት ቀይ እንባ

ዓለም የምሥራቿን የምታበስረው እኛ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለን ነው! አልታዘባችሁም? ስኳር በገበያው ተትረፈረፈ የሚለውን ዜና የሰማሁት ለስኳር ተሰልፌ ነው። ኤሌክትሪክ ለጎረቤት አገር ልንሸጥ ነው የሚለውን ደግሞ መብራት ጠፍቶብኝ፣ ሻማ አብርቼ፣ ከባትሪ ሬዲዮ። ታዲያ «የሰው ልጅ በሳንባ ነቀርሳ ላይ ድል እየተቀዳጀ ነው» የሚለውን ታላቅ ዜና የት ሆኜ የሰማሁት ይመስላችኋል? እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ... ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ በነጠላዬ ሸፍኜ! በዕቃዋ ውስጥ ምን እንደነበረ አልነግራችሁም፤ ቁርስ ላይ ትሆኑ ይሆናል።

ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ዜና አንባቢው ከረቫቱን አሳምሮ ያወራል። በዓለም ዙሪያ በበሽታው የሚያዘውም የሚሞተውም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው፤ አገራችንም ወደ ምዕተ ዓመቱ የልማት ግብ እየገሰገሰች ነው አለ። ከዚያ አንድ መስመር አሳዩን፤ ከላይ ይጀምርና እንደ ሸርተቴ ወደ ታች ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሳላቸውን እንደምንም ገትተው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ዓለም ዳነች ነው የሚለው?»

«እየዳነች ነው አባባ።»

«ታዲያ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?»

«ወረፋ እየጠበቅን ነው አባባ።»

ውጤቴን ልቀበል ስመለስ ሲስተር አየለች (የክፍሉ ነርስ ናት፤ ዕድሜዋ ትንሽ፣ ቁጣዋ ትልቅ) ወረቀቱን አየችና «ቲቢ ተገኝቶብሻል» አለችኝ።

«ዜናው እኮ እየቀነሰ ነው ይላል!» አልኩ፤ ለመከራከር ያህል።

«የሚቀንሰው አንቺ ስትውጪ ነው» አለች።

ስድስት ወር። በየማለዳው። ቤት ወስጄ ሳይሆን እዚያው፣ እሷ ፊት። ክኒኑን ትሰጠኛለች፣ እውጣለሁ፣ ከዚያ «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ» ትለኛለች። በሠላሳ አምስት ዓመቴ! ጨምራም «ክኒኑ ቀለም አለው፤ ሽንትሽ ይቀላል...» ብላ ስትጀምር፣ እኔ «ሽንት» ከሚለው ላይ አፍሬ ወለል ወለሉን ማየት ስለጀመርኩ የቀረውን አልሰማሁም። ካልጠፋ ጊዜ ማፈር የጀመርኩት ያኔ ነው!

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። እንጀራ ፍለጋ ሐዋሳ ወርጄ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ውኃ ሳላፈላ አልጠጣም፤ ባጃጅ ላይ ከመውጣቴ በፊት ጎማውንም የሾፌሩንም ዓይን አያለሁ፤ በሬን ቆልፌ ሁለት ጊዜ ተመልሼ እነካካለሁ። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ዘልቆ የመጣን በሽታ በበኩሌ አከበርኩት! ችግሩ ሌላ ነው። በእኛ አገር ሳል የአንድ ሰው አይደለም፣ የዘር ነው ይባላል። ሽማግሌ ሲላክ «ሳል አለባቸው ወይ?» ተብሎ እስከ ቅድመ አያት ይጠየቃል። እኔ ደግሞ ቢቸና ያላገቡ ሁለት እኅቶች አሉኝ። ሐዋሳ ላይ የምውጠው ክኒን ቢቸና ላይ ሁለት ሠርግ ሊያፈርስ! ወሰንኩ፤ ማንም አይሰማም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔ ግን መድኃኒቱንም በሽታውንም አብሬ ደበቅኩ፤ ተረቱ ለዚህ መልስ የለውም ብዬ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በሰላም አለፍኩ። በሁለተኛው አከራዬ እትዬ ሣራ በር ላይ ያዙኝ። እትዬ ሣራ ጴንጤ ናቸው፤ ደግ ሴት።

«በዚህ ማለዳ ሁልጊዜ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ኪዳን» አልኩ።

በቃ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የማለዳው የኪዳን ጸሎትና የሲስተር አየለች ክፍል ሰዓታቸው ገጠመልኝና ነው እንጂ ሆን ብዬ አይደለም... እሺ፣ ሆን ብዬ ነው። እሳቸውም «ጌታ ይባርክሽ» ብለው አለፉ፤ ወሬው ግን አላለፈም። በወሩ ሳሌ ሲጠፋ፣ ጉንጬ ሲሞላ፣ በጽዋ ማኅበራችን ያሉ ሴቶች ሁለቱን ነገር አገናኙት። ኪዳን መቆም ጀመረች፣ ሳሏ ለቀቃት!

ከሁሉም በላይ ይህን የያዙት እትዬ አስካለ ናቸው። መናኸሪያ በኩል ሻይ ቤት ያላቸው መበለት ናቸው፤ በማኅበራችን እልልታቸውን የሚስተካከል የለም። ከገና ወዲህ ግን እልልታው መሀል ላይ በሳል ይቆረጥ ጀምሯል። ስለዚህ እሳቸውም በየማለዳው ኪዳን ገቡ። በሳምንቱ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ወለተ ማርያም፣ ሳምንቱን ሙሉ ስቆም አላየሁሽም!»

«እኔ እኮ... ከዓምዱ ኋላ ነው የምቆመው፣ እትዬ አስካለ።»

«ከየትኛው ዓምድ?»

«ከ... ከወፍራሙ።»

እናንተዬ፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው ሰው የእኔን ውሸት አላየም! የእኔ እያደር ይከብድ ነበር። በቀጣዩ ማኅበር ላይ እትዬ አስካለ ተነሥተው፣ «ይህች ልጅ ሰው እንዳያያት ከዓምድ ኋላ ትሸሸጋለች! እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም!» ብለው መሰከሩ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው፣ አድርገው መረጡኝ። ባልቆምኩበት ጸሎት ተሾምኩ!

አንድ ቀን ግን ደፈር ብዬ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ሳሉ ሁለት ወር አለፈው እኮ። ጤና ጣቢያም ብቅ ቢሉ...»

«አንቺ የዳንሽው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ነው?»

እዚህ ላይ ምን ማለት እንደነበረብኝ እኔም አውቃለሁ፤ አትንገሩኝ። ዝም አልኩ። ስለ ዓምዱ የዋሸሁት ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ያቺ ዝምታ ግን ቀልድ አልነበረችም።

ስቅለት ደረሰ። ማለዳ ክኒኔን ዋጥኩ፣ ምላሴን አነሣሁ፣ ከዚያ ነጭ ነጠላዬን መስቀልኛ አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ሴቶቹ በዛፎቹ ሥር ተደርድረን እንሰግዳለን። የሐዋሳን የሚያዝያ ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ለሐይቁ ብላ አትበርድም፣ ሥራዋን ትሠራለች። ስወድቅ ስነሣ፣ ከሦስት ረድፍ ኋላ የእትዬ አስካለን ሳል እሰማለሁ። አንድ ስግደት፣ ሁለት ሳል። ሁለት ስግደት፣ አራት ሳል። እኔ የማውቀውን አውቄ፣ እሳቸው በእኔ ታምነው... እንባዬ መጣ። አለቀስኩ፤ ለታይታ ሳይሆን ከልቤ፣ እንደ ሕፃን። ነጠላዬን ስቤ ፊቴን ጠረግኩ።

አጠገቤ ያለችው ሴት ቀና አለችና ጮኸች።

«በስመ አብ! ደም አነባች! ወለተ ማርያም ደም አነባች!»

ነጠላዬን አየሁት። ሚጥሚጣ የተበጠበጠበት መስሏል! ሲስተር አየለች ያን ዕለት «ሽንትሽ ይቀላል» ካለች በኋላ የቀጠለችው፣ እኔ ወለሉን ሳይ ያመለጠኝ፣ «ላብሽም እንባሽም» የሚለው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። በስቅለት! በዛፉ ሥር! በነጭ ነጠላ!

ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷ ትስመኛለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ «ለባሌ ወገብ ትንሽ ከጥለቱ ልቅደድ?» ትለኛለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ቀደደችም።

«ኧረ የክኒን ቀለም ነው!» አልኩ።

«ትሕትናዋ!» አሉ።

«ታምሜ ነው! የሳንባ በሽታ!»

«የእኛን ሸክም ተሸክማ ነዋ!»

የሕክምና ካርዴን ከውዳሴ ማርያሜ መሀል አውጥቼ ዘረጋሁ፤ በየቀኑ ምልክት የተደረገበት ካርድ። አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እናት ተቀብለውኝ ግንባራቸውን አስነኩት! እንዴት ልሁን? የንስሐ አባቴ ከወዲያ ማዶ ቆመው ያያሉ። ለእሳቸው በሽታውን ገና ከመጀመሪያው ነግሬያቸው ነበር።

«አባ፣ እባክዎ ይንገሯቸው!»

«የንስሐ ምስጢር ነው ልጄ» አሉ፤ ጢማቸው ውስጥ አንዲት ፈገግታ ስትሸሸግ አይቻለሁ።

በዚህ መሀል እትዬ አስካለ ሰዉን እየገፉ መጡ። በሳል ብዛት ወገባቸውን ይዘዋል። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳሉ፣ ሳሉ፣ ከዚያ ጨርቁን ከእኔ ነጠላ ጎን ዘረጉት። የእኔ ብርቱካንማ ነበር። የእሳቸው ቀይ ነበር። የእውነት ቀይ። ደግሞ ፈገግ ብለዋል።

«እዪ ወለተ ማርያም፤ ለእኔም ተሰጠኝ! ሦስት ቀኔ። ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም ነበር... ለካ ጸጋ ነው።»

ሳቄም እፍረቴም በአንድ ጊዜ ጥለውኝ ሄዱ። ይህች ሴት እኔን አምና ልትሞት ነው። እጃቸውን ያዝኩና ሁሉም እንዲሰማ ጮኼ ተናገርኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ኪዳን አልሄድኩም! አንድ ቀን እንኳ! ከዓምዱ ኋላ ማንም አልነበረም። በየማለዳው ጤና ጣቢያ ሄጄ ክኒን ስውጥ ነበር። ያዳነኝ ሐኪም ነው፤ እግዚአብሔር የላከልኝ ሐኪም። ለእናንተ ዋሸሁ!»

ያን ሁሉ ክኒን፣ ያን ሁሉ ካርድ ያላመኑ ሴቶች ይህችን ወዲያው አመኑ! ሰው ቅድስናሽን ለማመን ደም ይጠይቅሻል፤ ኃጢአትሽን ለማመን ግን ቃልሽ ይበቃዋል። ጥለቴን የቀደደችው ሴት ቁራጯን ጣል አደረገቻት። ሙሴነቴም እዚያው ወደቀ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ከእጄ መነጨቁ።

«እኔ ስንት ማለዳ ዓምድ ለዓምድ ስዞር!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ወፍራሙን ዓምድ ሦስት ጊዜ ዞሬዋለሁ! አንቺን ፍለጋ!»

«ነገ አብረን እንሂድ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይስደቡኝ።»

«ዛሬም እሰድብሻለሁ፣ ነገም እሰድብሻለሁ!» አሉ። ይሄዱ ይሆን አይሄዱ እንዳልል ግን ጨመሩ፤ «በስንት ሰዓት ነው?»

ማታ አባ ፊት ለጥብጣብ ቀረብኩ፤ በወይራው ቅጠል ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ለመታመምሽ ስግደት የለብሽም» አሉኝ። «ለዓምዱ ግን ሦስት መቶ። መድኃኒቱን ስትጨርሺ፣ አቅም ሲኖርሽ። መድኃኒትንም የፈጠረ እሱ ነው፤ አታሳፍሪው።»

ቤት ስገባ እትዬ ሣራ ነጠላዬን አይተው «እንቁላል ቀቅዬ አስቀምጬልሻለሁ፤ ለትንሣኤ» አሉ። «ባለቤቴም ይህንኑ ክኒን ወስዶ ነበር፤ ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። ትራሴን በርበሬ ነካው መሰለኝ ስትዪኝ ዝም ያልኩት እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። በርበሬ ትራስ ላይ ምን ይሠራል?»

በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ ከእትዬ አስካለ ጋር ሲስተር አየለች ፊት ቆምን። ክኒኔን ዋጥኩ። «አፍ ይከፈት፣ ምላስ ይነሣ» ስትል፣ እትዬ አስካለ ከኋላዬ ሆነው፣ «ሲስተር፣ የዚህችን ምላስ ደህና አድርገሽ እዪልኝ፤ ብዙ ነገር ትደብቃለች!» አሉ። ለእሳቸው ትንሿ ዕቃ ተሰጠቻቸው። ከበዓሉ በኋላ ውጤቱ መጣ፤ እኔ የፈራሁት፣ ሲስተር አየለች የጠበቀችው። ያን ዕለት ጀመሩ። እኔ ስድስት ወሬን ስጨርስ እሳቸው ግማሹን አልፈው ነበር፤ ሳሉ ለቅቋቸዋል፣ እልልታው ተመልሷል፣ ስድቡም አልቀረልኝም።

ለእናቴም ቢቸና ደውዬ ነገርኳት።

«ጨርሰሻል?» አለች።

«ጨርሻለሁ እማ።»

«ታዲያ የጨረስሽውን ምን ትደብቂዋለሽ? የሚያሳፍርስ ጀምሮ የተወ ነው!»

ዜናው ውሸት አልነበረም፤ ያ መስመር በእርግጥ ይወርዳል። የሚያወርደው ግን ከረቫት ያሰረው ሰውዬ አይደለም፤ በየማለዳው አፉን ከፍቶ ምላሱን የሚያነሣ ሰው ነው። የሚደብቅ ሲኖር ደግሞ መስመሩ በእሱ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በእኔ በኩል ለጥቂት ወራት በእትዬ አስካለ ላይ ቆሞ ነበር።

አሁን ልለምናችሁ። በዚያ የስቅለት ዕለት ከዛፎቹ ሥር የነበራችሁ፣ በተለይ እትዬ አስካለ ቀኑን ሙሉ ሲስሉ ግራና ቀኛቸው የሰገዳችሁ! ሲስተር አየለች ትፈልጋችኋለች፤ ስማችሁን ሁሉ አላውቅላትም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰላምታ የነፈጋችሁኝም አላችሁ፤ ይገባኛል፣ ንፈጉኝ። ብቻ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለባችሁ ኑ። ክፍያ የለውም፤ እኔም ምስጢራችሁን ላውራ ብል የማወራበት አፍ አልቀረልኝም። ጸሎት ካላችሁኝ ሌት ተቀን እጸልይላችኋለሁ፤ አክታውን ግን፣ እባካችሁ፣ ራሳችሁ አምጡ።