ከሹመት ሲወርዱ የቱ ይቀድማል?

ሹመት መቀበልን ለሰው የሚያስተምረው የለም፤ ከተወለደ ጀምሮ ያውቀዋል። መውረዱን ግን ማን ያውቅበታል? ወርጃለሁ እያለ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረውን ሁሉ ልቁጠርላችሁ ብል ሁዳዴም አይበቃኝ። አንዷ እኔ ራሴ ነኝ። እንዳትስቁ።

ይህን ያስታወሰኝ ኮምፒውተር ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈችን ሴት ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። ያገናኘችኝ ልጄ ትርንጎ ናት። ባሕር ዳር ተምራ መጣችና እዚሁ ሰቆጣ አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር በሙከራ ያዛት። የጻፈችው ፕሮግራም ሰኞ ኃላፊው ፊት ተፈትሾ ካለፈ ትቀጠራለች፤ ከወደቀ ሻንጣዋን አንሥታ አዲስ አበባ። አብሮ አደጎቿ ግማሾቹ እዚያ፣ ግማሾቹ ዐረብ አገር ናቸው። እኔም ፕሮግራም የሚባለው ምን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ ልጄን ሰቆጣ ያስቀርልኝ ብዬ ለሚካኤል ጧፍ ተሳልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ኮምፒውተሯን፣ እኔ የጌሾ ሰፌዴን ይዘን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ምን ያስተክዝሻል እያልኩ ስነዘንዛት፣ ዝም እንድልላት ብላ አስረዳችኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉን የሚያዝ አለቃ ተጠቃሚ አለ አሉ። አለቃው ብቻ የሚከፍተው በር ስላለ፣ የእሷ ፕሮግራም ሥራውን የሚጀምረው በእሱ ሥልጣን ነው። በሩን ከከፈተ በኋላ ግን ሥልጣኑን አውልቆ ተራ ተጠቃሚ መሆን አለበት፤ ያለዚያ አንድ ሌባ ቢያታልለው ቤቱን ሙሉ አስረከበ ማለት ነው። ደግ ሕግ ነው አልኩ። ምነው ሹማምንቱም ፕሮግራም በሆኑ አልኩ ደግሞ በልቤ፤ ይቅር ይበለኝ።

በዚህም አያበቃም፤ ቡድን የሚባል አለ። ፕሮግራሙ ከአለቃው ቡድንም መውጣት አለበት። «መጀመሪያ ተራ ተጠቃሚ ይሆናል፣ ከዚያ ቡድኑን ይቀይራል» ስትለኝ እጄ ጌሾው ላይ ቆመ።

ይህን ስህተት እኮ እኔ ሠርቼዋለሁ! የሚካኤል ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላት፣ ሰባት ዓመት እኔ ነበርኩ። በእኛ ሥርዓት ማን ከጠላ ጠማቂዎቹ ቡድን እንደሚገባና እንደሚወጣ የምትወስነው ሙሴዋ ብቻ ናት። ኅዳር ላይ ደከመኝ ብዬ በቄሱ ፊት ሙሴነቱን ለወይዘሮ ለምለም አስረከብኩ። ተመረቅኩ፣ እልል ተባለልኝ። ከዚያ ዘና ብዬ፣ በሉ እንግዲህ ከጠማቂዎቹም አውጡኝ አልኩ። ለምለም በአክብሮት አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እትዬ፣ እሱንማ ሙሴ ሳሉ ነበር» አለችኝ። ጥሩ ጠማቂ የሚለቅ ማን ሞኝ አለ? ይኸው እስከ ዛሬ ጌሾ እለቅማለሁ።

«አንቺ ልጅ» አልኳት፣ «አለቅነቱን አስቀድሞ ከጣለው፣ ከቡድኑ በማን ሥልጣን ሊወጣ ነው?»

ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ሳበች። ሞክራ አየችው። ለካ ፕሮግራሙ ከቡድኑ ልውጣ ሲል ኮምፒውተሩ እንቢ ብሎታል። እሷ ምን ተባልክ ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም ዝም ብሎ ሥራውን ቀጥሏል። ልብሱ የተራ ሰው፣ ኪሱ ውስጥ የአለቃው ቡድን መታወቂያ። ስንት እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ?

ተራውን ገለበጠችው። አሁን መጀመሪያ ከየቡድኑ ይወጣል፣ ተጠቃሚነቱን የሚለውጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ በየደረጃውም ተሳካልህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

«እማ፣ ይህን የት ተማርሽው?»

«ጋን ሥር።»

ሰኞ ኃላፊው ፕሮግራሙን አገላብጦ መረመረው። በመጨረሻም የጣለውን ሥልጣን መልሶ ለመውሰድ እንዲሞክር አደረገው። ተከለከለ። የቢሮው ሰው ሁሉ አጨበጨበ አሉ፤ ተከልክሎ የተጨበጨበለት ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ትርንጎ ተቀጠረች፣ እኔም ጧፌን አስገባሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ክፍል ተከራየች። ሰቆጣ ትቅርልኝ አልኩ እንጂ እቤቴ ትቅርልኝ አላልኩም፤ ሚካኤል በምን ይወቀሳል? ባለፈው እሑድ ድፎ ዳቦ ይዤላት ሄድኩና፣ እንደለመድኩት በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«እማዬ፣ ስትመጪ አንኳኪ እሺ?» አለችኝ፣ ዳቦውን ከእጄ እየተቀበለች።

አሁን አንኳኳለሁ። አቁማ ታስጠብቀኛለች እንጂ፣ እስካሁን ሳትከፍት ቀርታ አታውቅም።