አሰላ ላይ መስኮት ዘግቶ መተኛት

አንባቢዬ፣ አሰላ ውስጥ መስኮትዎን ዘግተው እስከ ረፋድ ተኝተው ያውቃሉ? እንዳይሞክሩት! ከተማችን ፖስታ ቤትና አውቶቡስ ስላላት ትልቅ ነኝ ትላለች፤ ነገር ግን ያስነጠሰውን ሰው ሁሉ በስሙ ታውቀዋለች።

እኔ ብቻዬን የምኖር የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ እሑድ የጭላሎ ብርድ ከአልጋ አላስነሣ ብሎኝ መስኮቴን ሳልከፍት ተኛሁ። ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ እማማ አስካለ አጥሚት ይዘው ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?»

«ደህና ነኝ እማማ፤ እንዲሁ ነው የተኛሁት።»

«ደህና ሰው እንዲሁ አይተኛም!» ብለው ጋቢ ደረቡብኝ።

ባለሱቁ ሐጂ ኸይሩ ማር ይዘው ተከተሉ። «አላህ ያሽርህ» አሉና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አለቃዬ ሳይቀሩ መጡ። ቤቱ ጢም ሲል እኔው አፈርኩ። ይህን ሁሉ ጠያቂ «ጤነኛ ነኝ» ብሎ መመለስ ነውር አይደለም? ስለዚህ ትንሽ ሳልኩላቸው። ሁሉም ልባቸው አረፈ።

«እዚህ አገር ሰው መተኛት እንኳ አይችልም!» ብዬ ተናደድኩና አዲስ አበባ እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ፤ ተዛወርኩም።

እዚያ የምር ታመምኩ። መስኮቴ ተዘግቶ ሰነበተ፤ አንድም ሰው አላስቸገረኝም። ልክ እንደተመኘሁት! ትኩሳቱ ሲብስብኝ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤቴ ምናልባት ቢሰማኝ ብዬ ጮክ አድርጌ ሳልኩ።

ሰማኝ። ዝም እንድል ግድግዳውን ደበደበ።