በአንድ ሳጥን ሦስት ሰርቨር

እኔ ሰው በቀላሉ አላምንም። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ቡና ውስጥ ነው። ዲላ ላይ ንጹሕ የአሪቻ ቡና ነው እየተባለ ስንቱ ተቀላቅሎ ሲመጣ አይቻለሁ መሰላችሁ።

ታዲያ ሐያት የምትባል የመጋዘናችን የኮምፒውተር ባለሙያ መጣችና፣ ሦስቱን አሮጌ ሰርቨሮች በአንድ ልተካ ነው አለችኝ። የነጋዴ ልጅ ናት፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተማረች። ሊኑክስ የሚባል ነገር ጭኜ አንዱ ማሽን ውስጥ ሦስት ቨርቹዋል ሰርቨር እፈጥራለሁ አለች። ቨርቹዋል ደግሞ ምንድን ነው ብላት፣ የሌለ ግን የሚሠራ ነው አለችኝ። እኛ ቢሮ የማውቀው ያለ ግን የማይሠራ ነው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የትኛው ቡና ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደመጣ የሚያሳየው መዝገብ ያለው እዚያ ነው። የውጭ ገዢው ለዓርብ ይፈልገዋል። ከጠፋ የገበሬው ልፋት ሁሉ ስም የለሽ ሆኖ ከተራ ቡና እኩል ይሸጣል። የመዝገቡ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

የአሪቻውን ቡና ከፍስሐ ገነቱ ቡና ጋር ልትቀላቅይብኝ ነው አልኳት። የለም ጋሼ፣ አንድ ቤት ሦስት ክፍል በሉት፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ አለው አለች። የዲላን ኪራይ ቤት ለሚያውቅ ይኼ ምን ያጽናናል? በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ክፍል ውስጥ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምትለው አንተ ነህ። ሠርታ ስትጨርስ፣ እስቲ አንዱን ሰርቨር አጥፊው አልኳት። አጠፋችው፤ ሁለቱ ሥራቸውን ቀጠሉ። መልሳ አስነሳችው፤ መዝገቡ ሙሉ ነው። ገረመኝ።

ቢሆንም ልቤ አላረፈም። ማክሰኞ ጠዋት ገለል አድርጌያት፣ ለእኔ ብቻ አራተኛ ፍጠሪልኝ፣ ማንም አይወቅ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ፈጠረችልኝ። መዝገቡን እዚያ ገልብጬ፣ የይለፍ ቃሉን ለሚስቴም ሳልናገር እፎይ አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደልማዱ በኃይል መጣ። የማሽኑ ሳጥን ጧ ብሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሦስቱም ሰርቨሮች የሉም። እኔ ግን ኮራ ብዬ፣ አትደንግጪ፣ የእኔ አራተኛው አለ አልኳት።

"ጋሼ፣ አራተኛውስ የት ነበር ያለው?" አለችኝ።

አንዱ ሦስት ይሆናል ሲሉኝ አላምን ብዬ፣ ኋላ አራቱ አንድ መሆናቸውን ረስቼዋለሁ። የገበሬዎቹን ፊት እያሰብኩ ወንበር ፈለግኩ።

ሐያት ከቦርሳዋ አንዲት ፍላሽ አወጣች። መዝገቡን ማክሰኞ ከሰዓት ገልብጣው ኖሯል፣ ሙሉውን። ከደስታዬ ብዛት ተቆጣሁ። ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም አልኳት።

"እንዴት ልንገርዎት ጋሼ፣" አለች፣ "የገለበጥኩት እኮ እርስዎን ጠርጥሬ ነው።"