ፀጉር ካስተከሉ በኋላ የሚመጡ ጠያቂዎች

አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ ብር። ይህን ከፍዬ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሺህ አራት መቶ የፀጉር ሥር ከማጅራቴ ተነቅሎ ግንባሬ ላይ ተተከለልኝ። አካፍሉት፤ አንዱ ሰማንያ ብር ይመጣል። መላጣ ሰው ፀጉር አይቆጥርም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሚቆጥረው እሱ ብቻ ነው። ሙሉ ጎፈሬ ያለውን ሰው ምን አስቆጠረው?

በስልሳ ሦስት ዓመት ምን ነካህ የሚለኝ አይጠፋም። የነካኝ ቪዲዮ ነው። ልጄን ስድር ቪዲዮ ቀራጩ ፎቅ ላይ ወጥቶ ከላይ ያነሳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ላቤን ልጠርግ ኮፊያዬን አወለቅኩ። ከዚያ በፊት ራሴን ከላይ አይቼው አላውቅም። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሌሎች ሲያዩት የኖሩትን ነገር ድንገት ሲያይ የሚሰማው ስሜት አለ፤ አልመክራችሁም።

ከሸክም ተነስቼ ጅማ መርካቶ ውስጥ የቡና መጋዘን ያቆምኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ፀጉር ሊያስተክል ሄደ ከሚባል መጋዘኑ ተቃጠለ ቢባል ይሻለዋል። እውነቱን ለሚስቴ ለራቢያ ብቻ ነገርኳት። ለሌላው ሁሉ ኩላሊቴን ልታከም ነው አልኩ። ኩላሊት የመረጥኩት ከውጭ ስለማይታይ ነው። በጣም ያሰብኩበት መስሎኝ ነበር። ጅማ ውስጥ ታመምኩ ያለ ሰው ብቻውን እንደማይተኛ ግን ዘነጋሁ። ስልሳ ሦስት ዓመት የኖርኩበት አገር ነው፤ ዘነጋሁት።

ሐኪሙ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጥቶ ሸኘኝ። ሰባት ቀን በትራስ ተደግፎ እንደ ተቀመጡ መተኛት፤ በየሰዓቱ ጨው ያለበት ውሃ መርጨት፤ ማጎንበስ፣ ማላብ፣ አቧራ፣ ፀሐይ፣ ጠበቅ ያለ ኮፊያ ክልክል። ሱጁድስ፣ ግንባር መሬት ማስነካቱስ ብዬ ብጠይቀው ለጊዜው ወንበር ላይ ስገድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግንባር ያብጣል፤ እብጠቱ ወደ ዓይን ይወርዳል። በአሥረኛው ቀን ቅርፊቱ ይረግፋል። ሁሉም ተጽፏል። ጠያቂ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ብቻ አልተጻፈም።

ጅሬን ሰፈር ያለው ቤቴ በገባሁ በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ አራት ሰው መጣ። ከመኝታ ቤት ሆኜ በድምፃቸው ቆጠርኳቸው። ራቢያ ሐኪም ሰው እንዳይገባ ከልክሏል እያለች ከሳሎን ትመልሳለች። ብልሃት መስሎን ነበር። እናንተስ ሐኪም ጠያቂ የከለከለው በሽተኛ ቢነገራችሁ ምን ትላላችሁ? እነሱም ያንኑ አሉ። ወሬው የትውልድ መንደሬ የቡ ሲደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመው ነበር።

የቡ ታላቅ ወንድሜ አባ መጫ አሉ። አባታችን ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ቡና የገዛሁትም እሳቸው በሬያቸውን ሸጠው በሰጡኝ ገንዘብ ነው። ራሴን በራሴ ነው የሠራሁት እያልኩ ስናገር በሬውን እዘለዋለሁ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪም ዳገት ከከለከላቸው ቆይቷል።

በአራተኛው ቀን በሚኒባስ መጥተው፣ ባጃጅ ገንዘብ ማባከን ነው ብለው፣ የጅሬንን ዳገት በእግራቸው ወጡት።

እኔ እብጠቱ ዓይኖቼን ደፍኗቸው፣ ግንባሬ ላይ ቅርፊት የያዙት ነጥቦች እንደ ቡና ችግኝ በመስመር ተደርድረው፣ ትራስ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ራቢያ ገብታ እሳቸውን እንኳ ላስገባቸው ብላ በምልክት ለመነችኝ። ራሴን መነቅነቅ ስለማይፈቀድልኝ በእጄ እምቢ አልኳት። በርጩማ አቅርባላቸው በሩ ሥር ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ሲያለከልኩ በበሩ በኩል ይሰማኛል።

«ሁሴን፣ ተኝተሃል?»

እንደተኛ ሰው በረጅሙ ተነፈስኩ።

«ተኛ፣ ተኛ። ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ሰማሁ። ኩላሊት ከሆነ ችግር የለም። የኔ ሁለት ናቸው። ለእንደኔ ያለ ሽማግሌ ሁለት ምን ያደርግለታል? አንዱን ይወስድልኝ እንደሆን ሐኪምህን ጠይቀው።»

ከአልጋዬ እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው። አልተነሳሁም። ምን ብዬ ልነሳ? ኩላሊቱን ሊሰጠኝ ለመጣ ሰው ፀጉሬን ላሳየው? እሳቸው በሩ ላይ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ራቢያ አሚን አለች። ከዚያ በርጩማው ተነሣ፣ ዱላቸው ደረጃውን እየነካ ወረደ። ራቢያ ተመልሳ ገባችና የሚረጨውን ውሃ አጠገቤ አስቀመጠች።

«ቢገቡ ኖሮ የሚያዩት ግንባርህን ብቻ ነበር» አለችኝ። «እኔ ግን ልብህን አየሁት።»

ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁት። በአሥረኛው ቀን ቅርፊቱ ሲረግፍ የቡ እሄዳለሁ፣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ይሰድቡኛል፣ እንስቃለን። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ትንሽ ልረፍ ብለው ጋደም እንዳሉ ቀሩ።

ራቢያ ሰፋ ያለ ሻሽ አላልታ ጠመጠመችልኝና የቡ ሄድን። ሰው ሁሉ ዓይኔን አየ። ዓይን ሳይሆን ሁለት ስንጥቅ ነበር። ይሄ ሰው ምን ያህል ቢያለቅስ ነው እንዲህ ያበጠው ተባለ፤ እኔን እያዩ እንደገና ያለቀሱ ሴቶች አሉ። እኔ አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም ነበር። የጀናዛ ሶላት ቆሞ ነው የሚሰገደው፤ ግንባር መሬት አይነካም። ይህን ሳስታውስ ቀለል አለኝ። በወንድሜ ጀናዛ ላይ ቀለል ያለኝ በዚህ ነው።

ከዚያ መቃብሩ ጋ ደረስን። ወርዶ አስከሬኑን የሚቀበለው የቅርብ ሥጋ ነው፤ ሰዎቹ ቦታ ለቀው ጠበቁኝ። አፈሩ ደረቅ ነው፤ ይቦናል። ማጎንበስ፣ ማላብ፣ አቧራ። ኩላሊቱን እንዳመመው ሰው እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ። ወዲያው ገባቸው፤ አላህ ያሽርህ አሉኝ፤ የአባ መጫ ጎረቤት በኔ ቦታ ወረደ።

በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው መርገፍ ጀመረ። ወረቀቱ አይደንግጡ፣ የሚረግፈው ፀጉሩ እንጂ ሥሩ አይደለም ይላል። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት ግን ኀዘን ነው አሉ። በአራተኛው ወር ብቅ ብቅ አለ፤ ዓመት ሲሞላው ማበጠሪያ ገዛሁ። አሁን የቡ ውስጥ የሚነገረው፣ አባ መጫ መኝታ ቤቴ በር ላይ ያደረጉት ዱዓ ኩላሊቴን አድኖ ፀጉሬን እንኳ እንደመለሰልኝ ነው። ላርማቸው ብዬ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

የመታሰቢያ ሰደቃቸው በወጣ ቀን ባለቤታቸው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። አባ መጫ ሊጠይቁኝ የመጡ ቀን ከቤቴ ወርደው በቀጥታ የቡ አልተመለሱም። ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ገብተው፣ እስከ ከሰዓት ተሰልፈው፣ ኩላሊታቸውን አስመርምረው ነበር። እኔ ስነቃ ይዘውት ሊመጡ አስበው ነው። ወረቀቱን በአንድ ፋርማሲስት አስነበብኩት።

እንግዲህ ሒሳቡ ይዘጋ። ሐኪሙ ከመቶው ዘጠናው ይዟል ብሎኛል፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሥር ማለት ነው። ይህ ትርፉ ነው። ኪሳራው አንድ ወንድም ናቸው፤ ሁለት ጤነኛ ኩላሊት ይዘው የተቀበሩ።